ለአንዲት ተማሪ ዋስ

በክልሉ ምክር ቤት በነበርኩባቸው ዓመታት ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም። ብዙዎቹ አባላት የተሰጣቸው ደቂቃ ሲያልቅ "አንድ ነጥብ ብቻ" እያሉ ሌላ ይጨምሩ ነበር፤ እኔ ከተሰጠኝም ላይ አተርፋለሁ። አንድ ቀን አፈ ጉባዔው ሰዓታቸውን አይተው "የተከበሩ አባል፣ ጨረሱ?" አሉኝ። "ጨርሻለሁ" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅሁም።

ወደ ምክር ቤቱ የገባሁት ከመዝገብ ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እዚያው ከተማ ፍርድ ቤት ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ሳወጣና ስመልስ ኖርኩ። ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ተደግፎ የሚያወራውን ሁሉ እሰማለሁ፤ መልስ ግን እምብዛም አልሰጥም። ምርጫ ሲመጣ የሰፈሩ ሴቶች ቤቴ ድረስ መጥተው "አንቺ ሰው ትሰሚያለሽ፤ እባክሽ ሂጂልን" አሉኝ። የኔ የምርጫ ቅስቀሳ ይኸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል የፍትሕ ቢሮው ሪፖርት ቀረበ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ስለመከላከል የሚናገር ክፍል ነበረው፤ ይህን ያህል ጋብቻ ታገደ፣ ይህን ያህል ወላጅ ተከሰሰ ይላል። ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ስለበለጠ ተጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"ጋብቻቸው ከታገደላቸው ልጆች ስንቶቹ ትምህርት ቤት ተመለሱ?" ብዬ ተቀመጥኩ።

የቢሮው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነበሩ። ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ከኋላቸው ያለው ባለሙያ ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከ፣ ከዚያ "ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የሚመለከተው ግን ትምህርት ቢሮን ነው" አሉ። የትምህርት ቢሮ ኃላፊዋ ደግሞ "ጋብቻ የፍትሕ ጉዳይ ስለሆነ መረጃው እኛ ጋ አይመጣም" አሉ። አፈ ጉባዔው ወደ እኔ ዞሩ።

"የተከበሩ አባል፣ እርስዎስ ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ሁላችንም እኩል ነን" አሉ። ሳቅ ሆነና ወደ ምሳ ወጣን።

ከባሕር ዳር ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያ "አላውቅም" አብሮኝ ተጓዘ። ደብረ ማርቆስ እንደደረስኩ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ጓደኛዬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገረዋለች፣ በዚህ ተስማምተን እንኖራለን።

"ይህማ ቀላል ነው" አለችኝ። "ያስተማርኩት ልጅ ቁይ ከተማ አስተማሪ ሆኗል፤ እደውልለታለሁ።"

ደወለች። አስተማሪው ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። በዘጠነኛ ክፍል ከክፍሏ አንደኛ የወጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ክረምት ላይ ሊድሯት ሲሉ ፍርድ ቤት አገደው። አሁን መስከረም ነው፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፣ ልጅቷ አልመጣችም። አባቷን ቢያስጠይቁ "ያገዳት ፍርድ ቤት ያስተምራት" ብለው መለሱ። ዓርብ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው፤ አንድ ዓመት ቤት የቆየች ልጅ ደግሞ ተመልሳ አትመጣም፣ አለ አስተማሪው።

"እንሂድ" አለች ጓደኛዬ።

"ምን ብለን?"

"ሽማግሌ ሆነን ነዋ።"

"ሴት ሽማግሌ?"

"ሽማግሌ ለመሆን ምን ቀረሽ? ፀጉርሽን መስታወት ላይ አይተሽዋል?"

ሦስተኛ ሰው ያስፈልግ ነበርና የልጅቷን አጥቢያ ቄስ አስጠየቅን፤ እሺ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኘን። ከቁይ ወዲያ ያለውን በእግር ነው የሄድነው። ክረምቱ ገና ለቆ አልወጣም፤ ጭቃው ጫማ ይዞ የሚያስቀር ነበር። ጓደኛዬ ለሽምግልና ብላ ያደረገችው አዲስ ጫማ አንዱ ሁለት ጊዜ ቀረባት፤ ሁለቴም ቄሱ በመቋሚያቸው አወጡላት። እኔ ቦቲ ነበር ያደረግሁት።

ግቢው ጥሩ ግቢ ነው። ውሻው ሲጮህ አባቷ ከበረት ብቅ አሉ። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ድምፃቸው ማሳ የሚሻገር ሰው ናቸው። ቄሱን ሲያዩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ግቡ፣ ግቡ! ምን እግር ጣላችሁ?"

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ቄሱ።

ደንቡ ነው። ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ የቤቱንም ውሃ አይቀምስም። ቄሱ ግን በዕድሜያቸው በሰው ደጅ እንዲህ የቆሙት ለጋብቻ ብቻ ኖሮ፣ አፋቸው የለመደውን ይዞ ሄደ።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣን።"

አባቷ ደነገጡ። የኔን ነጭ ነጠላ አዩ፣ የጓደኛዬን ጃንጥላ አዩ፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ሮጡ።

"ኧረ ጎረቤት! ኑ ምስክር ሁኑኝ! ልጄን ሊጠይቁኝ መጥተው አልሰጥም ማለቴን ስሙልኝ!"

"ኧረ ቀስ ይበሉ" አሉ ቄሱ።

"ምን ቀስ እላለሁ አባ! የፊተኞቹን ሽማግሌዎችም ይዘው የመጡ እርስዎ ነዎት። እኔ ፍርድ ቤት ቀረብኩ፣ እርስዎ ቅዳሴ ገቡ!"

ቄሱ መቋሚያቸውን ማየት ጀመሩ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደረደረ። አባቷ ሰው ሲበዛ ድምፃቸው ይብስ ከፍ አለ።

"አሥራ ስምንት ሳይሞላት አልድርም፣ ፈርሜ ነው የወጣሁ! ሕግ አለ! ልጄ ገና ልጅ ናት! ልጄ ተማሪ ናት!"

ጓደኛዬ ዕድሜዋን ክፍል ውስጥ ያሳለፈች ናትና ይህችን ቃል አላሳለፈቻትም።

"ተማሪ ናት አሉ?"

"ናት!"

"ስንተኛ ክፍል?"

አባቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ወደ ቄሱ ቢያዩ ቄሱም አያውቁም። ከጓሮ በኩል ቀጭን ድምፅ "ዘጠነኛን ጨርሻለሁ" አለ።

አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ። አንዲት ሴት "ሕጉን ሸመደደው እንጂ ክፍሏን አላወቀው!" አለች። አባቷም ሊስቁ ቃጣቸው፣ ተዉት።

ያኔ እኔ ተናገርኩ። "እኛ የመጣነው ለጋብቻ አይደለም። ተማሪ ናት ብለው በጎረቤትዎ ፊት ተናግረዋል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። እንድትመዘገብ ልንለምን ነው።"

አባቷ ከአጥሩ ተመለሱ። "ሽማግሌ የመጣው ለትምህርት ነው?"

"አዎ።"

"እንዲህ ያለም አለ እንዴ?"

"ዛሬ ተጀመረ" አለች ጓደኛዬ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት በዝግታ ነበር። "እኔ ልጄን ጠልቼ ነው የምድራት? ቁይ ላይ በኪራይ ቤት ነው የምትኖር። እኔ እዚህ አርሳለሁ፣ እሷ እዚያ ናት። ለባል ብሰጣት የሚጠየቅ ሰው አለ። በኪራይ ቤት ያለች ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ማንን ነው የምይዝ?"

ይህ በሪፖርቱ ውስጥ አልነበረም።

"ዋስ ይጥሩልኝና ትሂድ" አሉ አባቷ።

በእኛ አገር ያለ ዋስ ነገር አያልቅም። ከብት ቢሸጥ፣ የተጣላ ቢታረቅ፣ ዋስ ተጠርቶ ነው። እኔ ቄሱን አየሁ፤ ቄሱ ጃንጥላውን አዩ፤ ጓደኛዬ እኔን አየች።

"ዋስ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ለምኑ?"

"በደህና እንድትማር፣ በደህና እንድትመለስልዎ።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

"ብትጠፋ ቤትዎ ነው የምመጣ።"

"ይምጡ።"

"እንግዲህ ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጥን። ጠላ መጣ። ልጅቷ ከጓሮ ወጥታ ጉልበታችንን ስትስም፣ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ስር ይዛቸው ነበር። መቼ እንደጠቀለለቻቸው አላውቅም። ምናልባት ውሻው ሲጮህ።

ማክሰኞ ተመዘገበች።

ዋስነት ግን በመዝገብ ቤት እንደማውቀው ወረቀት አልነበረም። በገበያ ቀን፣ በቻልኩ ቁጥር፣ ቁይ ሄጄ ለአባቷ ስለ ልጃቸው መንገር ነበረብኝ። ገብሳቸውን ዘርግተው ከሚቀመጡበት ቦታ ፊት ለፊት እቆማለሁ፤ እሳቸው ገዢ እየሸኙ ይጠይቁኛል። ባሕር ዳር ላይ ቢሮ ኃላፊዎችን የምጠይቅ ሴት፣ ቁይ ላይ ጆንያ መካከል ቆሜ ሪፖርት አቀርባለሁ።

"ደህና ናት" አልኳቸው መጀመሪያ ጊዜ።

"ደህና ምን ማለት ነው? ሒሳብ ስንት አመጣች?"

ሌላ ቀን ሒሳቡን ይዤ ሄድኩ።

"ከማን ጋር ነው የምታጠና?"

ያንንም አጥንቼ ሄድኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ገብሱን እየሰፈሩ ቀና ሳይሉ "በሩ ይዘጋል ወይ?" አሉኝ።

"ይዘጋል መሰለኝ።"

መስፈሪያውን አስቀመጡት። "መሰለኝ ብሎ ዋስ አለ?"

ከገበያው ቀጥታ ሄጄ አየሁ። አራት ልጆች በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ መዝጊያው የተጣመመ ምስማር። ምሽት ላይ ከየቤታቸው ያመጡትን የስንቅ ጆንያ እየገፉ በሩ ላይ ያስደግፋሉ፤ በላዩ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይጭኑበታል። ይህን ሲያሳዩኝ ይስቃሉ። "ስንቁ ሲያልቅ ነው ጭንቁ" አለችኝ አንዷ። "ያኔ ጀሪካን ብቻ ይቀራል።" እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብረ ማርቆስ እስክደርስ ግን ያው ምስማር ነው ዓይኔ ላይ የነበረው። አከራይዋን ባነጋግራት ለክረምት አሠራዋለሁ አለች።

የሚቀጥለው የፍትሕ ሪፖርት ሲቀርብ እጄን አወጣሁ። በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር ያደረግሁት ያን ቀን ነው፤ ያም ሆኖ ደቂቃ ተርፎኛል።

"ጋብቻው ታገደ ሲባል ሰማን፣ አጨበጨብን። ልጅቷ ከዚያ በኋላ የምታድርበት ቤት በሩ የሚዘጋው በዱቄት ጆንያ ነው። አባቷ ሊድራት የነበረው የሚጠየቅ ሰው ፈልጎ ነው። እኛ ባልየውን ከለከልነው፣ በቦታው ግን ማንንም አላቆምንም። ፍርድ ቤት ጋብቻ ሲያግድ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ ያስታውቅ። ልጅቷም በስም የሚታወቅ ዋስ ይኑራት።"

አንድ የሕግ ባለሙያ አባል ተነሡ። ወጣት ናቸው፣ ንግግራቸው ያምራል። "የተከበሩ እናቴን እጅግ አከብራለሁ። ነገር ግን ዋስ የሚጠራ ተከሳሽ ነው። ይህች ልጅ ምን አጠፋችና ነው ዋስ የምትጠራው? በሩስ ቢሆን የአከራይ ጉዳይ እንጂ የፍትሕ ጉዳይ ነው ወይ?"

አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባዔው "ይመልሳሉ?" አሉኝ።

"ልጅቷ ምንም አላጠፋችም" አልኩ። "ዋስ መጥራት ያለብን እኛ ነን። ያገድነው እኛ ነና።"

ያኔ ማንም አልሳቀም። ከኋላ በኩል የተቀመጡ አንድ አዛውንት አባል "እውነት ነው!" ሲሉ ተሰማ። ወጣቱ የሕግ ባለሙያ በሻይ ሰዓት መጥተው "አሸነፉኝ" አሉኝና የውሳኔ ሐሳቡን ራሳቸው ጻፉት። ሲጽፉት "ዋስ" የሚለው "የክትትል ተጠሪ" ሆነ። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ክርክሩም በሬዲዮ ተላለፈ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቁይ ሄድኩ። አባቷ በቦታቸው የሉም። ገብስም ጆንያም የለም፤ አጠገባቸው የምትቀመጠው ሽንኩርት ሻጭ "ዛሬ አልዘረጉም" አለችኝ። ወደ ኪራይ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ተነቅሏል። ወና መግቢያ ብቻ ነው ያለው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ጆንያዎቹ የሉም፣ ፍራሹ የለም፣ ልጆቹ የሉም።

አባቷ "ብትጠፋ ቤትዎ ነው የምመጣ" ያሉኝ ትዝ አለኝ። ቤቴ መምጣታቸው አልነበረም ያስፈራኝ።

ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ብሄድ አባቷ ከአንድ አናጢና ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወፍራም የእንጨት በር ይመታሉ። ልጆቹ ዕቃቸውን ጥላ ስር ከምረው ምስማር ያቀብላሉ። አባቷ እኔን ሲያዩ መዶሻውን አቆሙ።

"መጡ? በሬዲዮ ወጥተው የልጄ ቤት በር አይዘጋም ይላሉ?"

"ስም አልጠራሁም።"

"ስም ምን ያደርጋል! የርስዎን ዋስነት የማያውቅ አለ? ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልጅ አዋቂው 'ጆንያውስ ደህና ነው?' ይለኝ ጀመር!"

ጎረቤቶቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ ገና ትንፋሼ አልተመለሰም ነበር። ልጅቷ ገብቷት ኖሮ ዱካ አምጥታ አስቀመጠችኝ።

"እማማ፣ ጠፋን ብለው ደነገጡ?"

"ትንሽ።"

"ከእንግዲህ ጆንያ መግፋት ቀረ" አለች፤ ያቺ ስንቁ ሲያልቅ ነው ጭንቁ ያለችው ጓደኛዋ ደግሞ "አሁን ስንቁን በሰላም እንበላዋለን" ብላ ጨመረች።

አባቷ ምስማር አፋቸው ውስጥ ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ምስማሩን አወጡና "ደግሞስ ተጠሪ ምንድን ነው?" አሉ። "ዋስ አይሉትም?"

"ሕግ የሚጽፉት ናቸው የቀየሩት።"

"አበላሹት" አሉና መቱ።

ውሳኔው በሁሉም ቦታ እኩል ሥራ ላይ ዋለ አልልም። አንዳንድ ቦታ የተመደበው ሰው መመደቡን ራሱ አያውቅም ነበር። ጉንደ ወይን ከተማ ላይ ደግሞ የገበያ ሴቶች ማንም ሳይመድባቸው ልጆቹን ተከፋፍለው ዋስ ሆኑ፤ ስሄድ ከእኔ የበለጠ ዝርዝር ይነግሩኝ ነበር። በየሪፖርቱ ግን ያ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ዓምድ ሆኖ ገባ፤ ጋብቻ ታገደ፣ ትምህርት ቤት ተመለሰች ወይ? ኃላፊው ሪፖርት ሲያነቡ እዚያ ዓምድ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ያዩ ነበር።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነውና ደብረ ማርቆስ መጣች። አባቷ የስንቅ ዳቦ ይዘው ተከትለው መጡ። ጥበቃው ምግብ ከውጭ አይገባም ቢላቸው በሩ ላይ ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ያ ዳቦ የኔ ቤት ቀረ። ሳምንቱን ጓደኛዬና እኔ በላነው።

ውጤት ሲመጣ አለፈች። ጓደኛዬ ስልኩን እንደያዘች ሰፈሩን አዳረሰችው። እኔ ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ፤ መጠራታችን እንደማይቀር አውቄዋለሁ።

ተጠራን። ዋስ የሚወርደው በሰው ፊት ነው፤ የተቀበለው ሰው "አውርጄዋለሁ" ካላለ ዋሱ እንደታሰረ ይኖራል። ስንደርስ ያው ግቢ ነው፣ ያው አጥር፣ ጎረቤቱም ቀድሞን ተደርድሯል። መቀመጫ ተዘጋጅቶ ሳለ ከልማድ ሦስታችንም ቆምን። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዛሬ ልጅዎን ፈልገን አይደለም የመጣን" አሉ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

አባቷ ተነሥተው ቆሙ። "ስሙልኝ" አሉ። "እኒህ ሴት ዋሴ ነበሩ። በደህና ተምራለች፣ በደህና ተመልሳለች። በትልቋ አውርጃቸዋለሁ።"

ትከሻዬ ሲቀል ይታወቀኛል። ልቀመጥ ዱካውን ሳብ አደረግሁ።

"ይቆዩ" አሉ አባቷ። ወደ ጓሮ በእጃቸው ጠሩ፤ ታናሽ እህቷ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ብቅ አለች። ማንም ሳይጠይቃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ዘጠነኛ ክፍል ናት!" አሉ።

ከአጥሩ ላይ ያቺ የያኔዋ ሴት "ዘንድሮስ አወቀው!" አለች።

"እኔ አሁን የምክር ቤት አባል አይደለሁም" አልኩ። "ዘመኔ አልቋል። ጉልበቴም ጭቃውን እንደ ድሮው አይችለው።"

"ምክር ቤቱን መች ጠየቅሁ" አሉ። "ጭቃ ሲሆን እኔ እመጣለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ይነግሩኛል። ብቻ ለዚችም ይበሉት።"

ታናሽቱን አየኋት። ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ትልቋ ከበሩ ስር ቆማ ትስቃለች። ጓደኛዬ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ።

"ዋስ ነኝ" አልኩ።

ከዚያ ተቀመጥን።